የትናንቱ ኮምፒዩተር ድምፅ

«ያረጀ የቤት ኮምፒዩተር ሲጮኽ ምኑ ይናፍቃል?» የሚሉ ጓደኞች አሉን። መልሱን ለማግኘት ድምፁ እንዴት ይወጣ እንደ ነበር ማወቅ ያስፈልጋል።

በ1982 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር የወጣው ዜድ ኤክስ ስፔክትረም ለድምፅ የተለየ ቺፕ አልነበረውም። ሒሳቡን የሚሠራው ዋናው ክፍል ራሱ ትንሿን ድምፅ ማጉያ እየከፈተ እየዘጋ ያጮኻት ነበር፤ በዚያም ሰዓት ሌላ ሥራ መሥራት ይቸግረው ነበር። በዚያው ዓመት በአሜሪካ የወጣው ኮሞዶር 64 ግን ሮበርት ያኔስ የነደፈው ሲድ የተባለ የድምፅ ቺፕ ነበረው። ይኸውም ሦስት ድምፆችን በአንድ ጊዜ ያሰማል፤ ለእያንዳንዱም ከአራት ዓይነት የሞገድ ቅርጽ መምረጥ፥ እንዴት እንደሚነሣና እንደሚከስምም መወሰን ይቻላል።

ነገር ግን ሦስት ድምፅ ለኦርኬስትራ አይበቃም። ስለዚህ የዜማው ደራሲዎች የተለያዩ ኖታዎችን በአንዱ ድምፅ እጅግ በፍጥነት ያፈራርቁ ነበር፤ ለጆሮም አንድነት የተመቱ ይመስላሉ። ማሲንቆ በአንዲት ጭራ ስንቱን እንደሚያናግር ለምናውቅ ለእኛ ይህ ብልሃት እንግዳ አይደለም።

ዛሬ ኮሞዶር ያንን ቺፕ መሥራት ካቆመ ብዙ ዘመን ሆኗል፤ የቀሩትም እያረጁ ይበላሻሉ። አዲስ ኮምፒዩተር አስመስሎ ያሰማል፤ ሆኖም የቀድሞዎቹ ቺፖች የድምፅ ማጣሪያ ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያይ ስለ ነበር፥ ሁሉም የሚናፍቀው የገዛ ቤቱን ድምፅ ነው። እንግዲህ ናፍቆቱ ለጥራት አይደለም፤ በጥቂት መሣሪያ ብዙ ለሠራ የሰው ብልሃት ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ መኪና በእጁ ያለ ሰው፥ ዝም ከማለቱ በፊት ድምፁን ቀድቶ ያስቀምጥ እንላለን።