የአልዩ አምባ ሁለት ገንዘቦች በአንድ ብርጭቆ

ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው አንኮበር በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት (1813–1847 እ.ኤ.አ.) የሸዋ መናገሻ ነበረች። ከአፋፏ ሥር ያለው አልዩ አምባ ደግሞ ከታጁራ ወደብ ተነሥተው የአፋርን በረሃ የሚያቋርጡ ሲራራ ነጋዴዎች የሚያርፉበት ታላቅ ገበያ ነበር። በገበያው ሁለት ዓይነት ገንዘብ ይሠራል፤ ለትልልቁ ግብይት የማሪያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ጠገራ ብር፣ ለዝርዝሩ ከደናክል ረባዳ ምድር ተፈልጦ የሚመጣው አሞሌ ጨው።

ሁለቱም የየራሳቸው ጠንቅ ነበረባቸው። አሞሌ ዝናብ ይፈራል፤ 1 ሊትር ውሃ እስከ 360 ግራም ጨው ማሟሟት ይችላልና። ጠገራ ብር በአንጻሩ ዝናብ አይፈራም፤ ነገር ግን ውስጡ ምን እንደሆነ በዓይን አይለይም። ስለዚህ ተቀባዩ በንግሥቲቱ ዘውድና በትከሻዋ ጌጥ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች አንድ በአንድ ይመረምር ነበር። ይህ ምርመራ ግን የቅርጽ እንጂ የይዘት አይደለም። የይዘቱን ምስክርነት ሊሰጥ የሚችለው፣ የሚገርመው፣ ያው በጎኑ የተቀመጠው አሞሌ ነው።

እንዴት? በቋንቋችን «ብር» የማዕድኑም የገንዘቡም ስም ስለሆነ፣ እንዳይምታታ ማዕድኑን ሲልቨር እንበለው። ጠገራ ብር 28.07 ግራም ይመዝናል፤ ከ1000 እጅ 833ቱ ሲልቨር፣ የቀረው መዳብ ነው። ሳንቲሙ በናይትሪክ አሲድ ሲሟሟ (ይህ መርዛም ቡናማ ጋዝ ስለሚያወጣ ከላቦራቶሪ ውጭ ፈጽሞ አይሞከርም) የሲልቨር፣ የመዳብና የናይትሬት አይዮኖች የያዘ ሰማያዊ ሙሙት ይገኛል። በዚህ ላይ የጨው ውሃ ብንጨምር ምን ይሆናል?

ተማሪዎቻችን የመሟሟት ሕጎችን ሰንጠረዥ እንደ ዳዊት ይደግሙታል፤ መጠቀም ሲመጣ ግን ብዙዎች ይቸገራሉ። ዘዴው ቀላል ነው። አይዮኖቹን ዘርዝሮ፣ አዎንታዊውን ከአሉታዊው እያጣመሩ፣ እያንዳንዱ ጥንድ ይሟሟ እንደሆነ መጠየቅ ነው። ናይትሬቶች ሁሉ ይሟሟሉ፤ የሶዲየም ጨዎችም እንዲሁ ከሞላ ጎደል። ክሎራይዶች በአብዛኛው ይሟሟሉ፤ የሲልቨር፣ የእርሳስና አንድ ዓይነት የሜርኩሪ ክሎራይድ ግን አይሟሙም። ስለዚህ መዳቡ በሙሙቱ ውስጥ ይቀራል፤ ሲልቨሩ ብቻ እንደ እርጎ ነጭ ዝቃጭ ሆኖ ይወርዳል፦

ሲልቨር ናይትሬት + ሶዲየም ክሎራይድ → ሲልቨር ክሎራይድ (ዝቃጭ) + ሶዲየም ናይትሬት

ሁሉም አንድ ለአንድ ስለሆነ ማመጣጠኛ ቁጥር አያሻውም። ሶዲየምና ናይትሬት ተመልካቾች ናቸው፤ እንደ ገቡ ይቀራሉ።

አሁን ምንዛሪውን እናስላ። በአንድ ጠገራ ብር 23.39 ግራም ሲልቨር አለ። ይህን ሁሉ ለማዝቀጥ የሚያስፈልገው 12.67 ግራም ጨው ብቻ ነው። በአልዩ አምባ አንድ ጠገራ ብር በርካታ አሞሌዎች ይገዛ ነበር፤ በኬሚስትሪ ግን ግማሽ ኪሎ ንጹሕ ጨው የ39 ጠገራ ብር ሲልቨር ያዘቅጣል!

ፈረንሳዊው ኬሚስት ጌይ ሉሳክ በ1832 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረገው የሳንቲም መመርመሪያ በዚሁ ላይ የቆመ ነው። ከእርሱ በፊት ሲልቨር በእሳት እየነጠረ ይመረመር ስለነበር ጥቂቱ በመንጠሪያው ውስጥ ይቀር ነበር። ጌይ ሉሳክ 100 ሚሊ ሊትሩ ልክ 1 ግራም ሲልቨር የሚያዘቅጥ የጨው ውሃ አዘጋጀ (0.542 ግራም ጨው ማለት ነው)። ከጤነኛ ጠገራ ብር 1.2 ግራም ተቆርጦ ቢሟሟ፣ ነጩ ዝቃጭ መውረዱን የሚያቆመው 100 ሚሊ ሊትር ሲገባ ነው። በ90 ካቆመ ሳንቲሙ ከ1000 እጅ 750 ብቻ ሲልቨር አለው፤ ባለቤቱ ተታሏል።

አታላዩ እርሳስ ቀላቅሎ ቢሆንስ? የእርሳስ ሙሙትም ወፍራም የጨው ውሃ ሲገባበት ነጭ ዝቃጭ ይሰጣል፦

ሊድ ናይትሬት + 2 ሶዲየም ክሎራይድ → ሊድ ክሎራይድ (ዝቃጭ) + 2 ሶዲየም ናይትሬት

የእርሳስ አይዮን ሁለት አዎንታዊ ሙል ስላለው ሁለት ክሎራይድ ይሻል፤ በተማሪዎች ወረቀት ላይ በብዛት የሚረሳው ይህ «2» ነው። ሁለቱን ነጮች ለመለየት ውሃውን ማፍላት ይበቃል። «የማይሟሟ» የተባለው ሊድ ክሎራይድ በቀዝቃዛ ውሃ እንኳ በሊትር 10 ግራም ገደማ ይሟሟል፤ ሲፈላ ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል። ሲልቨር ክሎራይድ በቀዝቃዛ ውሃ በሊትር 2 ሚሊ ግራም እንኳ አይሞላም፤ ቢፈላም የሚሟሟው እጅግ ጥቂት ነው። ብርሃን ላይ ሲቆይ ደግሞ ይጠቁራል።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 እ.ኤ.አ. የራሳቸውን ብር ያስቀረጹት ጌይ ሉሳክ ዘዴውን ባበረከተለት በፓሪሱ የገንዘብ ማተሚያ ቤት ነበር። የሲልቨሩ መጠን ከ1000 እጅ 835 ነው። ከእርሱ 1.2 ግራም ቢወሰድ የሚፈጀው የጨው ውሃ 100.2 ሚሊ ሊትር ነው፤ የዘዴው ስሕተት ከ1000 አንድ እንኳ ስለማይሞላ ይህችን ልዩነት ይለያታል።