የአፈር ባክቴሪያዎች የምግብ ምርጫና የጓሮ አትክልት

አዲስ አበባ፡- ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በኢጣሊያ ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ይሠራ ከነበረ የኢጣሊያ ተቋም አኅጽሮተ ስም ነው። ሠፈሩ የሚገኝበት የቂርቆስ ክፍለ ከተማ ዛሬም የበርካታ መሥሪያ ቤቶች መገኛ ሲሆን፣ በካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. በተካሄደው የመልሶ ማልማት ሥራ ብዙ ነባር ግቢዎች ተነስተዋል። የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር በ2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ በመሥሪያ ቤት ግቢና በመኖሪያ ጓሮ አትክልት ማልማት ይበረታታል።

ግንባታ ባለፈበት ቦታ ለሙ የላይኛው አፈር ስለሚነሳ አልሚዎች በአቅራቢያ ከሚገኝ የእንጨት ሥራ ቤት ሰጋቱራ አምጥተው መደባለቃቸው የሚጠበቅ ነው። ከሳምንታት በኋላ ግን ጎመኑ ቢጫ ይሆናል። ጥፋቱ በዘሩ ወይም በውኃው ይሳበባል፤ ዋነኛው ምክንያት ግን የባክቴሪያዎች አመጋገብ ነው።

ባክቴሪያ ኃይል የሚያገኘው ከካርቦን ሲሆን፣ አካሉን ለመገንባት ናይትሮጅን ያስፈልገዋል። በሰጋቱራ ውስጥ ለአንድ እጅ ናይትሮጅን በመቶዎች የሚቆጠር እጅ ካርቦን ይገኛል። በሴሉ ውስጥ የሁለቱን ሚዛን የሚከታተል ፕሮቲን ካርቦን መብዛቱን ሲያመለክት፣ ባክቴሪያው ናይትሮጅን የሚያስገቡ በሮቹን ያበዛል። በዚህም ለጎመኑ የሚሆነውን ናይትሮጅን ከአፈሩ ቀድሞ ይሻማል። ካርቦኑ ሲመናመን የተያዘው ናይትሮጅን ቀስ በቀስ ይለቀቃል፤ ይህ ግን ወራት ሊፈጅ ይችላል።

ባክቴሪያዎች የቀረበላቸውን ሁሉ በአንድ ጊዜ አይመገቡም። ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ዣክ ሞኖ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጀመሪያ ሁለት ዓይነት ስኳር የቀረበላቸው ባክቴሪያዎች አንዱን ጨርሰው፣ ጥቂት ቆም ብለው ወደ ሁለተኛው እንደሚሸጋገሩ አሳይተዋል። በአንጀት የሚኖረው ኢ. ኮላይ ግሉኮስ ሲያገኝ የሌላውን ስኳር መግቢያ ይዘጋል። ፕስዩዶሞናስንና ራይዞቢየምን የመሳሰሉ የአፈር ባክቴሪያዎች ግን ብዙውን ጊዜ ከግሉኮስ ይልቅ ሰክሲኔትን የመሰሉ አሲዶችን ያስቀድማሉ። የዕፅዋት ሥር እነዚህን አሲዶች ወደ አፈር ስለሚያወጣ ምርጫቸው እንግዳ አይደለም።

ይህ ምርጫ ፍሬ የሚሰጠው በባቄላና በሽምብራ ሥር ላይ ነው። ተክሉ በሥሩ እባጮች ውስጥ ላለው ራይዞቢየም ማሌትና ሰክሲኔት ይመግበዋል፤ ባክቴሪያውም ከአየር የወሰደውን ናይትሮጅን ለራሱ ሳያስቀር በአሞኒያ መልክ ለተክሉ ይለቃል። እባጩ ተቆርጦ ሲታይ ውስጡ ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ ሥራው እየተከናወነ ነው። በአፈሩ ላይ ዩሪያ ሲበዛ ግን ተክሉ እባጮቹን ይቀንሳል። በመሆኑም ቢጫ ቅጠል በታየ ቁጥር በውጭ ምንዛሪ የሚገዛውን ዩሪያ መጨመር ለጎመን ቢያግዝም ለባቄላ ኪሳራ ሊሆን ይችላል።

ሰጋቱራ ያለው አልሚ ከአፈር ጋር ሳይቀላቅል በላዩ ላይ ቢያለብሰው ሽሚያው በእጅጉ ይቀንሳል፤ እርጥበትም ይጠብቅለታል። መቀላቀል የሚፈልግ ደግሞ አስቀድሞ ከእንስሳት ፍግ፣ ከአትክልት ልጣጭና ከቡና አተላ ጋር ከምሮ ለተወሰኑ ወራት ሊያበሰብሰው ይገባል። የቡና አተላ የካርቦንና የናይትሮጅን ምጥጥን 20 ለ1 ገደማ በመሆኑ ለዚህ ተስማሚ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ የሻይ ክበብም በየዕለቱ ይገኛል።