ግቢ ሲሰፋ፦ ከሐይቅ እስጢፋኖስ እስከ ደሴና ኮምቦልቻ

ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲኬድ ሐይቅ ከተማ ይደረሳል። እስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ቦታ ዱሮ ደሴት ነበር፤ ውኃው እየሸሸ ሄዶ ዛሬ በእግር ይገባበታል። የወሎ የመጀመሪያው ትልቅ ትምህርት ቤት ይኸው ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን ከደብረ ዳሞ የመጡት አባ ኢየሱስ ሞአ መጻሕፍት እያስጻፉ፣ ደቀ መዛሙርት እያስተማሩ አቋቋሙት። ሐይቅ የሰፋው በተማሪዎቹ ነው፦ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ወደ ሸዋ፣ አባ ኂሩተ አምላክ ወደ ጣና ዳጋ ሄደው የራሳቸውን ገዳም ተከሉ። ሁሉም በደሴቲቱ ላይ አልተከማቹም።

የዛሬው ዩኒቨርሲቲ እንዲህ አይቀለውም። «ልጄ ግቢ ገባ» ያለ ወላጅ ዩኒቨርሲቲ ማለቱ ነው፤ ተማሪው የሚማረውም፣ የሚበላውም፣ የሚያድረውም እዚያው አጥር ውስጥ ነውና። አንድ ትምህርት ክፍል ሲከፈት ዶርሙ፣ ወጥ ቤቱ፣ ውኃውና ፍሳሹ አብረው ይጨምራሉ።

ነባሮቹ ግቢዎች የሰፉት ባገኙት ቦታ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1943 ዓ.ም. በኮሌጅነት ጀመረ፤ በ1954 ዓ.ም. ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ሲሰጠው ስድስት ኪሎ ገባ። ምሕንድስናው አምስት ኪሎ፣ ሕክምናው ጥቁር አንበሳ፣ የእንስሳት ሕክምናው ቢሾፍቱ ነው። በባሕር ዳርም ፖሊ (ፖሊቴክኒኩ) እና ፔዳ (የመምህራን ኮሌጁ) ለየብቻ ተወልደው በ1992 ዓ.ም. አንድ ዩኒቨርሲቲ ሆኑ፤ ከተሜው ግን አሁንም ፖሊና ፔዳ ነው የሚላቸው።

በ1990ዎቹ መጨረሻ የተመሠረተው ወሎ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢው ደሴ፣ ቴክኖሎጂው ኮምቦልቻ ነው። ርቀቱ አጭር ቢሆንም አየሩም መሬቱም ይለያያል። ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ደጋ ናት፤ ቁልቁለቷ በክረምት ይንሸራተታል፣ ጎርፉ ወደ ቦርከና ወንዝ ይወርዳል። እዚያ ሕንፃ ከመጨመር በፊት አፈሩን መመርመር፣ ተዳፋቱን በዛፍ መያዝ፣ የጣሪያውን ዝናብ ማጠራቀም ይቀድማል። ኮምቦልቻ ሜዳ ነው፤ ሜዳውን ግን ፋብሪካውም፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩም፣ የአውሮፕላን ማረፊያውም ይፈልጉታል። በሁለቱም ቦታ አጥሩ በተገፋ ቁጥር የሚነሳው አርሶ አደር ነው፤ ካሳው አንድ ጊዜ ይከፈላል፣ መሬቱ ግን በየዓመቱ ያበላው ነበር። ስለዚህ ወደ ጎን ከመስፋት በፊት ወደ ላይ መሥራት፣ ያለውን ክፍል ከጠዋት እስከ ማታ መጠቀም ይሻላል ባይ ነኝ።

ሌላም አለ። በ2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ሁለቱም የወሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ተዘርፈዋል፣ ተጎድተዋል። ያኔ የታየው ጠግኖ መልሶ ማስጀመርም የማስተር ፕላን ሥራ መሆኑ ነው።

የግቢዎቹ ፕላን አውጪዎች አንድ ቀን ሐይቅ ወርደው ገዳሙን ከበው የቆሙትን ዛፎች ይዩ። ከዚያ ለግቢዎቹ ወሰን ያስምሩ።