ከካርታው መስመር ወዲያ፦ በምዕራብ ጎጃም የልማት ሥራዎችና የመልክዐ ምድር ሊቃውንት ጥናት

የልማት ሥራ ሁሉ፣ ግድብም ቢሆን መንገድ፣ እርከንም ቢሆን የፋብሪካ መንደር፣ በመሬት ላይ ከማረፉ አስቀድሞ በወረቀት ላይ ያርፋል፤ በወረቀቱም ላይ ዳር ድንበሩ ተለይቶ፣ ተጠቃሚው ተቆጥሮ፣ ወጪና ገቢው ተሰልቶ ስለሚቀመጥ፣ ያን ወረቀት ይዞ ለሚመጣው ሹም ወይም መሐንዲስ የሥራው በረከትና ጉዳት በዚያው መስመር ውስጥ ተወስኖ የሚቀር ይመስለዋል። የመልክዐ ምድር ሊቅ ተግባር የሚጀምረው ግን ከዚህ ነው፤ ውሃው ከየት ተወስዶ ለማን ደረሰ፣ ከብቱ ከሜዳው በወጣ ጊዜ ወዴት ተነዳ፣ መንገዱ ለማን ቀርቦ ከማን ራቀ ብሎ በመጠየቅ የነገሩን ወሰን ከካርታው መስመር ወዲያ ይገፋዋል። በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባለው የጎጃም ገጠር ላይ እስከ ዛሬ የተደረገው ጥናት ሲመረመር፣ ፍሬ የተገኘበት ክፍል ይህን ወሰን የገፋው ነው፤ በወሰኑ ውስጥ ተቀምጦ የቆጠረው ግን፣ ቁጥሩ የቱንም ያህል የጠራ ቢሆን፣ ብዙውን ጊዜ ከመዝገብ ቤት አልወጣም።

በጎጃም ምድር ሊለካ የመጣ ሰው ከእርሱ በፊት የመጡትን ለካዮች ዕዳ ተሸክሞ ነው የሚመጣው። መሬቱ ከአባትና ከእናት ወገን በሐረግ የሚወረስ ርስት በነበረበት ዘመን፣ ገመድ መጣል ለባለ ርስቱ ግብርን ለማክበድ፣ ሲከፋም ርስትን ለመንጠቅ የሚደረግ መሰናዶ ሆኖ ይታየው ነበር፤ በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜም ገማቾች ወደየወረዳው ሲላኩ ሕዝቡ በብዙ ስፍራ ታጥቆ ተነሣ፤ የጦር ኃይልም ነገሩን ስላልጨረሰው፣ አገረ ገዥው ፀሐዩ ዕንቈ ሥላሴ ተነሥተው ውዝፉ ግብር በንጉሠ ነገሥቱ ምሕረት ተሰረዘ። አለን ሆቤን የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ሰብእ ተመራማሪ በዳሞት ተቀምጦ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተመው መጽሐፍ የዚህን ፍርሃት ሥር ይገልጠዋል፦ የአንድ ሰው ርስት ታጥሮ የተቀመጠ ማሳ ሳይሆን፣ ቀዳሚ አባትን እየቆጠሩ፣ በሽማግሌና በዳኛ ፊት እየተሟገቱ የሚያገኙት መብት ስለ ነበር፣ በካርታ ላይ የሚሰመር አንድም መስመር ሊወክለው አይችልም ነበር። ሆቤን በሙያው የመልክዐ ምድር ሰው አልነበረም፤ ይሁን እንጂ በዚህ አገር ስለ መሬት ለሚያጠና ሁሉ ደጃፉ እርሱ ነው።

በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1964 ድረስ፣ የአሜሪካ መንግሥት የመሬት ማልሚያ ቢሮ የዓባይን ተፋሰስ አስሶ በ17 ቅጽ የተጻፈ ታላቅ ጥናት አቀረበ። ከፍኖተ ሰላም በታች የሚወርደው የብር ወንዝ ሸለቆ በመስኖ ሊለሙ ይገባቸዋል ከተባሉት ስፍራዎች አንዱ ሆኖ በዚህ ጥናት ውስጥ ይገኛል፤ ኋላም በደርግ ዘመን ሸለቆው የመንግሥት እርሻ ሆነ። የወንዙ ፍሰት፣ የአፈሩ ዓይነት፣ የመሬቱ ተዳፋት በብርቱ ጥንቃቄ ተለክቷል፤ የሸለቆውን ሣር በበጋ የሚያስግጠው ባላገር ግን በዚያ ዓይነቱ ጥናት ውስጥ ከምርት መጠንና ከሕዝብ ቁጥር አልፎ እንደ ባለ ጉዳይ አይታይም።

የአገራችን የመልክዐ ምድር ትምህርት ሰውን ወደ መካከል ያመጣው በዋናነት በፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም እጅ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1977 ያለውን ዘመን ይዘው ስለ ገጠሩ ሕዝብ ለረሀብ መጋለጥ የጻፉት መጽሐፍ፣ ድርቅ የተፈጥሮ ነገር ሲሆን ረሀብ ግን ገበሬው ከገዥውና ከገበያው ጋር ካለው ግንኙነት የሚወለድ መሆኑን ያስረዳል። በውጭውም ዓለም ተመሳሳይ መንገድ የጠረጉ አሉ፤ አሜሪካዊው ጊልበርት ኋይት የጎርፍ መከላከያ ሲበዛ ሰው ተማምኖ ወደ ወንዙ ዳር እየቀረበ ጉዳቱ እንደሚጨምር ያመለከተ ሲሆን፣ እንግሊዛዊው ፒርስ ብሌይኪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመው መጽሐፍ የአፈር መከላት የገበሬው ስንፍና ወይም ድንቁርና ሳይሆን የሥልጣንና የሀብት ክፍፍል ጉዳይ መሆኑን አስተምሯል።

የብሌይኪን ቃል ለመፈተን ከደምበጫ የተሻለ ስፍራ ማግኘት ይቸግራል። ዶክተር ገቴ ዘለቀና ስዊዘርላንዳዊው የመልክዐ ምድር ሊቅ ሃንስ ሁርኒ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት፣ ከአየር የተነሡ ፎቶግራፎችን እያስተያዩ፣ በደምበጫ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1957 ከመሬቱ 27 በመቶ የሸፈነው የተፈጥሮ ደን በ1982 ወደ 2 በመቶ፣ በ1995 ወደ 0.3 በመቶ መውረዱን፣ የታረሰው መሬት ግን ከ39 በመቶ ወደ 77 በመቶ መድረሱን አሳዩ። ብዙም ሳይርቅ፣ በደብረ ማርቆስ አቅጣጫ ባለው የጨሞጋ ተፋሰስ፣ ወልደ አምላክ በውቀት በተመሳሳይ ዘዴ ሲመረምር በደን የተሸፈነው መሬት ጨምሮ አገኘው፤ የጨመረውም ገበሬው በየደጁ የተከለው ባሕር ዛፍ ነበር። ሁለቱ ጥናቶች አይጣሉም፤ ይልቁንም ከአንድ ሸለቆ የተገኘውን በጠቅላላው ጎጃም ላይ ለሚያውጁ ሰዎች ተግሣጽ ይሆናሉ።

ከደምበጫ በስተሰሜን ወደ ፈረስ ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የአንጀኒ የምርምር ጣቢያ በ1976 ዓ.ም. ተቋቁሞ የዝናቡን፣ የጎርፉንና የደለሉን መጠን ሲመዘግብ ኖሯል፤ አፈሩን ወደ ላይ በመጣል የሚሠራው እርከንም በተፋሰሱ ላይ ተዘርግቶ፣ መሬቱ በጊዜ ብዛት ደረጃ ደረጃ እየሠራ መጥቷል። አፈሩን በመያዙ እርከኑ ተመስግኗል። ነገር ግን ገበሬው በእርከኑ ዳር ቆሞ ሲናገር የሚሰማው ሌላ ነው፦ ክትሩ ከጠባቧ ማሳ ላይ መሬት ይወስዳል፣ ጥማድ በሬው ለመዞር ይጨንቀዋል፣ አይጥና አረም በክትሩ ውስጥ ይሸሸጋሉ፣ ክረምት ሲጠና ውሃው ከኋላው ይተኛና ሰብሉን ያቢጫል። መሬቱ ከቃዳ ሁለት ቃዳ ለማያልፍ ሰው፣ ቃዳ የሄክታር እሩብ መሆኑን ልብ ይሏል፣ ይህ ሁሉ የአፈር ሳይንስ ሳይሆን የእንጀራ ጥያቄ ነው። እንደ አንድምታ መምህር አንዱን ንባብ በብዙ መፍታት የሚያስፈልገው በዚህ ስፍራ ነው፤ እርከኑ አንድም የአፈር መጠበቂያ፣ አንድም የማሳ መቀነሻ፣ አንድም ለዘመቻ የወጣ የባላገር ጉልበት ነው።

ከሥራዎቹ ሁሉ ብዙ ብዕር ያዘመተው ግን በመራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ ግድብ ሳይሆን አይቀርም። የግልገል ዓባይ ገባር የሆነው ቆጋ፣ የአፍሪካ ልማት ባንክ በሰጠው ብድር ተገድቦ፣ 7,000 ሄክታር ገደማ እንዲያጠጣ ታሰበ። ግድቡ ውሃ ሲይዝ መሬታቸው ለተጥለቀለቀ ሰዎች ምትክ የተሰጠው በመስኖው ወሰን ውስጥ ካሉት ይዞታዎች እየተሸራረፈ ስለ ነበር፣ የአንዱ ካሣ የሌላው ጉድለት ሆነ፤ በ1989 ዓ.ም. በተደረገው የመሬት ሽግሽግ፣ በቀድሞ መንግሥታት ያገለገለው «ቢሮክራት» እየተባለ ይዞታው ከአንድ ሄክታር እንዳያልፍ የተደረገበትን ዘመን የሚያስታውስ ባላገር፣ ሁለተኛ ጊዜ ድንበሩ ሲነቀል ምን እንደተሰማው መገመት አያዳግትም። የወል ግጦሹም በውሃና በቦይ ተወሰደ፤ በበጋ የሚሰማራበት ያጣው ከብት ተሸጠ፤ ከብቱ ሲሸጥ ኩበቱና ፍጉ ቀረ፤ እዚህ ላይ ጉዳዩ ከመሐንዲሱ መዝገብ ወጥቶ ማገዶ ከምትለቅመው ሴት ጀርባ ላይ ይደርሳል።

ውሃውም ቢሆን በቦይ ራስ ለሚኖረውና በቦይ ጭራ ለሚጠብቀው እኩል አይደርስም። በጎጃም ባህላዊ መስኖ ተራ የሚያከፋፍለው የውሃ አባት ነበር፤ አጥፊውን ራሱ ያውቀዋል፣ በሽማግሌም ይቀጣዋል። በዘመናዊው ቦይ ግን ተራው ከማኅበርና ከጽሕፈት ቤት ይወርዳል፤ በላይ ያለው ሰው ሌሊት በሩን ከፍቶ ቢያሳልፍ፣ በታች ያለው ማልዶ ሲመጣ የሚያገኘው ጭቃ ነው። ይህን የሚመዘግብ አጥኚ ከቦዩ ዳር ማደር አለበት፤ መጠይቅ ይዞ በቀን ለሚመጣ ሰው ሁሉም «ተራ አለን» ብሎ ይመልስለታል።

በቡሬ የሆነው ከዚህ ይለያል። የዘይት ፋብሪካውና የተቀናጀው የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ተመርቀው፣ ከተማዋ በአዲስ አበባ አውራ ጎዳናና በነቀምት መገንጠያ ላይ መቀመጧ ዕድሏን ከፈተላት። የፓርኩ ሐሳብ በ100 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያለውን ገበሬ በሽግግር ማዕከላት አማካይነት ከፋብሪካው ጋር ማገናኘት ነው። ክብ በኮምፓስ ማስመር ቀላል ነው፤ በደቡብ የዓባይ በረሃ፣ በምሥራቅ የጮቄ ተራራ ያንን ክብ ይቆራርጡታል፤ በርበሬና በቆሎ ጭኖ ከቆላ የሚወጣው ባለ አህያ ርቀቱን የሚቈጥረው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በዳገትና በጀንበር ነው። ስለ ካሣውም እንዲሁ፦ የ1997 ዓ.ም. አዋጅ የአምስት ዓመት አማካይ ገቢን 10 እጥፍ፣ የ2011 ዓ.ም. አዋጅ ደግሞ በሦስት ዓመት ውስጥ ከተገኘው ዓመታዊ ገቢ የከፍተኛውን 15 እጥፍ የሚያህል ስሌት ቢደነግጉም፣ የይዞታ ደብተር በስሙ ላልወጣለት ወጣትና በእኩል ለሚያርሰው ድኃ ገንዘቡ የሚደርስበት መንገድ ጠባብ ነው።

የገጠር ልማት ተመራማሪው ሮበርት ቻምበርስ እ.ኤ.አ. በ1983 አጥኚዎች አስፋልት እንደሚከተሉ፣ በደረቅ ወራት ብቻ እንደሚመጡ፣ ወንዶችንና ሹማምንትን እንደሚያነጋግሩ ሲወቅስ፣ የጎጃምን አውራ ጎዳና ያየ ይመስላል። ከመንገዱ ሁለትና ሦስት ሰዓት የእግር ጉዞ የሚርቀው ቀበሌ፣ ረሀቡ በሚብስበት በሐምሌና በነሐሴ፣ በጭቃው ምክንያት ጠያቂ አያገኝም።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ በተነሣው ጦርነት ደግሞ መስክ መውረድ እጅግ ስለ ከበደ፣ ከሳተላይት በሚገኝ ምስል መሥራት ብቸኛ መንገድ የሚሆንበት ጊዜ በዝቷል። ምስሉ የቆጋ ሜዳ በመጋቢት መለምለሙን ያሳያል፤ በአጎራባቹ በፋግታ ለኮማ ገበሬው፣ ማንም ፕሮጀክት ሳያዘው፣ ለከሰል የተከለውን ዲከረንስ የተባለ ዛፍም በአረንጓዴ ቀለም ያስቀምጣል። ማሳውን ለከተማ ነጋዴ ያከራየው ማን እንደ ሆነ፣ በስንትና ለስንት ዓመት እንዳከራየ፣ ሚስቱስ ተስማምታ እንደ ሆነ የሚነግረው ግን በቀበሌው ያለው ሰው ብቻ ነው፤ እርሱንም ለማግኘት መንገዱ እስኪከፈት መጠበቅ ግድ ሆኗል።