«ቴሌ» ስለሚለው ባዕድ መነሻ፤ ትርጉሙና በኢሉባቦር ከተሞች ያገኘው አገልግሎት

ከመቱ፥ ከጎሬና ከበደሌ ወደ ኮሌጅ የምንመጣ ተማሪዎች ብዙዎቻችን የእንግሊዝኛን ቃላት አንድ በአንድ በቃል እናጠናለን። በዚህ መንገድ የተማረ ሰው መቶ ቃል ቢያውቅ መቶ አንደኛው እንግዳ ይሆንበታል። እኔም በሚስዮን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለሁ ከዚህ ድካም ለመዳን ስል ቃላትን መከፋፈል ጀመርሁ። ነገር ግን አንድ ቀን በፈተና ላይ «ቴሌዮሎጂ» የሚል ቃል ቢመጣብኝ «ስለ ሩቅ ነገር የሚያጠና ትምህርት» ብዬ ጻፍሁና ተሳሳትሁ። ይህን አጭር ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣኝ ያ ስሕተት ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«ቴሌ» በጽርእ ቋንቋ «ሩቅ» ወይም «በሩቅ» ማለት ነው። «ቴሌግራፍ» የሚለው ቃል «ግራፌይን»፥ ማለት «መጻፍ» ከሚለው ግሥ ጋር ተጣምሮ «በሩቅ መጻፍ» የሚል ትርጉም ይሰጣል። ቃሉ ከኤሌክትሪክ ሽቦ በፊት የተወለደ ነው። በ1790ዎቹ ፈረንሳዊው ክሎድ ሻፕ በየግንቡ ጫፍ ላይ የሚንቀሳቀሱ የእንጨት ክንዶችን አቁሞ፥ አንዱ ጣቢያ የሌላውን ምልክት እያየ እንዲያስተላልፍ አደረገ። በ1794 ፓሪስንና ሊልን ያገናኘው ይኸው መሣሪያ ቴሌግራፍ ተባለ።

«ቴሌፎን» የሚለው ደግሞ «ፎኔ»፥ ማለት «ድምፅ» ከሚለው ቃል የመጣ ነው። ግራሃም ቤል በ1876 የፈጠራ መብቱን ከማግኘቱ በፊትም ስሙ ለሌሎች የድምፅ መሣሪያዎች ይነገር ነበር። «ቴሌቪዥን» ግን ግማሹ ጽርእ፥ ግማሹ ላቲን ነው፤ የኋለኛው ክፍል ከላቲኑ «ማየት» የተወሰደ ነውና።

«ቴሌስኮፕ» የሚለው ስም በ1611 ለጋሊሌዮ መሣሪያ የተሰጠ ሲሆን፥ ሁለተኛው ክፍል «መመልከት» ማለት ነው። ይህ ሥር ለእኛ እንግዳ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን «ኤጲስ ቆጶስ» የምትለው ቃል ከጽርኡ «ኤፒስኮፖስ» የመጣ ሲሆን፥ «ኤፒ» «በላይ»፥ «ስኮፖስ» «ተመልካች» ማለት ነው። እኛ ግን ስንጽፈው «ስ» የተባለችውን ፊደል ከፊተኛው ክፍል ጋር ስላስቀረናት ዝምድናው ተሰወረ።

አሁን ወደ ስሕተቴ ልመለስ። በጽርእ «ቴሎስ» የሚባል ሌላ ቃል አለ፤ ትርጉሙም «ፍጻሜ» ወይም «ግብ» ነው። «ቴሌዮሎጂ» የተወለደው ከዚህ ነው፤ ነገሮች ለምን ግብ እንደ ተደረጉ የሚመረምር የፍልስፍና ክፍል ነው። እንግዲህ ቃልን መከፋፈል ጠቃሚ ቢሆንም፥ ፊደሉ ስለ ተመሳሰለ ብቻ ዘመድ ነው ማለት አይገባም።

ለመሆኑ ይህ የሩቅ መሣሪያ ወደ እኛ አገር ሲመጣ ሕዝቡ ምን ብሎ ሰየመው? በኢትዮጵያ የቴሌፎንና የቴሌግራፍ ሥራ የተጀመረው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1894 ነው። አማርኛ የጽርኡን ስም ትቶ «ስልክ» አለ፤ ይህም ከዓረብኛ የመጣ ሲሆን «ሽቦ» ማለት ነው። በመቱ ገበያ ኦሮምኛ ተናጋሪው «ቢልቢላ» ይለዋል፤ ቢልቢላ ደወል ነው። አማርኛም ቢሆን ግሡን ከደወል ወስዶ «ስልክ ደወለ» ይላል። ስለዚህ ጽርኡን የተጠቀሙ አውሮፓውያን ርቀቱን፥ አማርኛ ሽቦውን፥ ኦሮምኛ ጥሪውን አይተው ሰየሙ። ዛሬ በኪስ የሚያዘው መሣሪያ ሽቦ ባይኖረውም ስሙ አልተለወጠም፤ «ገመድ አልባ ስልክ» ስንልም በሥሩ «ሽቦ የሌለው ሽቦ» ማለታችን ነው።

«ቴሌ» የሚለው ቅጥያ ራሱ ግን በሌላ በር ገባ። በ1952 የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ። ስሙ ረጅም ስለ ነበረ ሕዝቡ አሳጥሮ «ቴሌ» አለው። የመሥሪያ ቤቱ ስም ብዙ ጊዜ ተለውጦ በ2010 ኢትዮ ቴሌኮም ቢባልም፥ «ቴሌ» የሚለው አልጠፋም። በመቱ ወይም በጎሬ አንድ ሰው «ቴሌ ደርሼ ልምጣ» ቢል የሚሄደው ወደ ሩቅ አይደለም፤ እዚያው ከተማው ውስጥ ወዳለው ቢሮ ነው። በ2021 ደግሞ «ቴሌብር» መጣ፤ የጽርእ ቅጥያና የአማርኛው «ብር» በአንድ ቃል ተጋቡ። በጽርእ ብቻ ብንፈታው «ሩቅ ብር» ይሆናል፤ ነገር ግን እዚህ ላይ «ቴሌ» የሚያመለክተው ርቀትን ሳይሆን ድርጅቱን ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፥ የቃልን ሥር ማወቅ ለተማሪ ትልቅ መክፈቻ ቢሆንም፥ ሥሩ ብቻውን የዛሬውን ትርጉም አይነግረንም። ሁለተኛ፥ በትምህርት ቤት ሳለን አንዳንዶቻችን «ቢልቢላ» የሚሉትን ወላጆቻችንን ያልተማሩ መስለውን እንስቅ ነበር። እነርሱ ግን ያደረጉት ሻፕና ቤል በኖሩበት አገር ሊቃውንቱ ያደረጉትን ነው፤ አዲሱን ነገር አስተውለው ከሚያውቁት ቃል ስም አወጡለት። ልዩነቱ፥ የእኛዎቹ ጽርእን መዋስ ሳያስፈልጋቸው በገዛ ቋንቋቸው መሰየማቸው ነው።