የፎገራ ማገዶና የምጣዱ ምድጃ

ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ የተዘረጋውና የርብና የጉማራ ወንዞች በየክረምቱ ደለል የሚያለብሱት የፎገራ ሜዳ፣ በሩዙና በከብት ዘሩ ስሙ የገነነ ምድር ሲሆን በዛፍ ግን የደኸየ በመሆኑ፣ በወረታ ዙሪያ ያለች ባለትዳር ምጣዷን የምታግለው ብዙውን ጊዜ በኩበት ነው። ኩበቱ በነደደ ቍጥር ለእርሻው ሲሳይ ይሆን የነበረው ፍግ ወደ ጢስነት ይለወጣልና፣ ጥፋቱ በማጀት ሳይወሰን እስከ አውድማ ይደርሳል።

ጉዳቱን የሚያበዛው የሦስቱ ጉልቻ ጠባይ ነው፤ ነበልባሉ በአራቱ ማዕዘን ለነፋስ የተጋለጠ ስለሆነ፣ ከሙቀቱ የሚበልጠው እጅ ምጣዱን ሳይነካ በከንቱ ይባክናል፣ ጢሱም የእናቶችን ዐይንና ሳንባ፣ በጀርባቸው የታዘሉትንም ሕፃናት ይጐዳል። ከሲሚንቶና ከአሸዋ በየክፍሉ ተሠርቶ የሚገጣጠመው ምርጥ ምድጃ ግን እሳቱን ዙሪያውን አጥሮ ስለሚይዝ፣ ማገዶውን በ50 በመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ በስተኋላው የሚወጣውም ትኩሳት የተጣደውን ወጥ ያሞቃል። ማገዶን አድርቆ ማንደድ፣ ድስትንም ከድኖ ማብሰል ያለ አንዳች ወጪ የሚገኝ ትርፍ ነው።

እኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ በወረታ የሩዝ መፈልፈያዎች አጠገብ የሚከመረው ገለፈት ነው። ከሩዙ ክብደት 20 በመቶ ያህሉ እርሱ ሲሆን፣ ቀላልና ልል በመሆኑ በጉልቻ በቅጡ አይነድም፤ አየር በሚገባ በሚያዘዋውር ምድጃ፣ ወይም ተጠቅጥቆ በጡብ መልክ ሲዘጋጅ ግን መልካም ማገዶ ይሆናል። ስለዚህ ባለ መፈልፈያዎች ገለፈቱን ለማገዶ እንዲያበቁ፣ አባወራውም ለበሬ ገንዘቡን ሲያወጣ ለባለቤቱ ምድጃ እንዳይሰስት አደራ እላለሁ።