ከመፈልፈያው ጓሮ

ወረታ የሄድኩት አምፖል ልቆጥር ነበር ማለት ይቻላል። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያልፈው አስፋልት የደብረ ታቦሩን መንገድ የሚለይባት ከተማ ናት። ሱቁና ምግብ ቤቱ፣ ቴሌቪዥኑና ኤሌክትሪክ ምጣዱ ሲበዛ የኃይል ፍላጎት እንዴት እንደሚያድግ እዚህ ይታየኛል ብያለሁ። ስሌቴ ቀላል ነበር። በ1976ቱ ቆጠራ ኢትዮጵያ 42 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ነበራት፤ በ1999ኙ ወደ 74 ሚሊዮን ደረሰች፤ ዛሬ የተባበሩት መንግሥታት ግምት ከ130 ሚሊዮን ያልፋል። ሰው ሲበዛ አምፖል ይበዛል።

ስሌቱ የተበላሸው አንድ የሩዝ መፈልፈያ ደጃፍ ላይ ነው። መብራት ሄዷል። አንዲት እናት ሩዝ የሞላ ማዳበሪያቸው ላይ ተቀምጠው ተራ ይጠብቃሉ።

«እሜቴ፣ ከጠዋት ጀምሮ ነው?»

«ከጠዋት ነው እንጂ ልጄ። ጤፍስ ቢቸግር በድንጋይ ወፍጮ ይፈጫል። ይኼን በሙቀጫ ልውቀጠው ብል እሱም ይሰባበራል፣ እኔም እሰባበራለሁ።»

ጥቂት ፍሬ መዳፌ ላይ ዘግነው ሰጡኝ። አሸሁት፣ ቆዳዬን ከረከረኝ እንጂ ቅርፊቱ ንቅንቅ አላለም። የጤፍ ፍሬ ከአውድማ ሲነሳ ለወፍጮ የተዘጋጀ ነው፤ ሩዝ ግን ካፖርቱን እንደለበሰ ነው የሚመጣው። ካፖርቱን የሚያወልቅለት ሞተር ይፈልጋል።

ርብና ጉማራ በየክረምቱ የሚያጥለቀልቁት የፎገራ ሜዳ ድሮ የከብት አገር ነበር፤ የፎገራ ከብት ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። ሩዙ የገባው በደርግ ዘመን ነው፤ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች በጅግናና በሻጋ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሞከሩት፣ ውሃ የተኛበትን መሬት ወደደው። ኤክስ ጅግና የተባለው ዝርያ ዛሬም የዚያችን ቀበሌ ስም ይዞ ይዘራል። ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎም እንጀራ ሆኗል።

እዚህ ላይ ነው ያላሰብኩት ነገር የመጣው። ሩዙ የያዘው የግጦሹን መሬት ነው። ግጦሽ ሲጠብ ከብት ይቀንሳል፣ ከብት ሲቀንስ ኩበት ይቀንሳል። እንጨት በሌለበት በዚህ ሜዳ ደግሞ ምጣዱን የሚያግለው ኩበት ነው። አንድ እህል ከደጅ ሞተር ጨመረ፣ ከጓዳ ማገዶ ቀነሰ። እኔ ደግሞ አምፖል እቆጥራለሁ! አገሪቱ ከምትጠቀመው ኃይል ከአስር እጅ ዘጠኙ ያህል ዛሬም እንጨት፣ ኩበትና የሰብል ተረፈ ምርት ነው። ከጣና ማዶ 460 ሜጋዋት የሚያመነጨው በለስ በ2002 ሥራ ጀመረ፤ 5,150 ሜጋዋት የሚያመነጨው የሕዳሴው ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመረቀ። ጉልቻው ሥር ያለው እሳት ግን በሜጋዋት አይቆጠርም።

ጓሮውን የዞርኩት ለሽንት ነበር፣ ልዋሽ አልችልም። ከቁመቴ በላይ የተከመረ የሩዝ ቅርፊት አገኘሁ። ከአንድ ኩንታል ያልተፈለፈለ ሩዝ 20 ኪሎ ያህሉ ቅርፊት ነው፤ የሚሰጠው ሙቀትም ከደረቅ እንጨት ብዙ አያንስም። በተራ ጉልቻ ይጨሳል እንጂ በወጉ አይነድም። ወደ ጋዝ ቢለወጥ ግን 2 ኪሎው አንድ ኪሎዋት ሰዓት ያህል ያወጣል። ማስታወሻዬ ላይ አካፈልኩ፤ 10 ኪሎዋት ሰዓት መጣ። ኩንታሉን ለመፈልፈል የሚበቃው ከዚህ ያነሰ ነው። ሩዙ የራሱን መፈልፈያ ኃይል ለብሶ መጥቷል ማለት ነው! አዲስ ነገር አላገኘሁም፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የራንጉን ሩዝ ፋብሪካዎች የእንፋሎት ሞተራቸውን በዚሁ ያስነሱ ነበር፤ በቅርብ ዓመታትም በሕንድ ቢሃር የመንደር መብራት በርቶበታል። ችግሩ፣ አሮጌዎቹ ማሽኖች ቅርፊቱን ከፉርሽካው ጋር አድቅቀው ያወጡታል፤ ያን ጊዜ ለከብት መኖ እንጂ ለማገዶ አይታሰብም።

ድንገት ማሽኑ ጮኸ። መብራት መጥቷል። እሜቴ ሩዛቸውን አስፈልፍለው ሲጨርሱ ባዶ ማዳበሪያ ይዘው ወደ ክምሩ ሄዱ፣ ጠቅጥቀው ሞሉት። ልቤ ዘለለ።

«ለማገዶ ነው፣ እሜቴ?»

«የምን ማገዶ? ለዶሮዎቼ ጉዝጓዝ ነው እንጂ።»